ዜና መዋዕል ዘአባ ንፋስ፤ የድቡን ኬክ ድልድይ እንዴት እንዳሻገሩ

በዘመነ ሁለተኛው ሶፋ፣ ይኸውም የመጀመሪያው ሶፋ ሞላው ሆዱን ቀዶ ወጥቶ በእንግዳ ፊት ከተሻረ በአራተኛው ዓመት፣ ቴሌቪዥኑ በገባ በሰባተኛው፣ ሪሞቱ በጠፋ በስድስተኛው፣ በዕለተ ቅዳሜ፣ ከምሳ በኋላ ሰው ሁሉ ቀበቶውን አንድ ቀዳዳ አላልቶ በተቀመጠበት ሰዓት፣ ኃያሉ፣ መላኤ ነፋስ ወደፋኔ ስቁረት፣ ይኸውም ጎማ ነፊና ቀዳዳ ደፋኝ፣ ክሪክ ጦራቸው፣ ላስቲክ ጋሻቸው፣ ጎማ ሲተነፍስ ከሦስት ቤት ማዶ ሰምተው የኋላ ግራ ነው ብለው የሚፈርዱ፣ በሠፈሩ ሁሉ አባ ንፋስ ተብለው የሚጠሩት ጎሚስታ፣ ከዚያ በፊት ማንም ጎሚስታ ያልሠራውን ሥራ ሠሩ። ይህን ዜና የጻፈው ሰው በስፍራው ነበረ፤ ሱሪው እስኪያጥርለት ድረስ ወንበር ላይ ተቀምጦ ይጠብቅ ነበርና ሁሉን በዓይኑ አየ። ሐሰት አልጨመረም፤ ጨው ብቻ እንጂ።

በዚያች ዕለት በሳሎኑ የተሰለፈው ሠራዊት ይህ ነው። በቀኝ ክንፍ እመቤቲቱ፣ የአባ ንፋስ ባለቤት፣ በስፌት መኪናቸው ላይ የተሾሙ፣ መርፌ በከንፈራቸው ይዘው ደንበኛ የሚገሥጹ ልብስ ሰፊ። በግራ ክንፍ የእመቤቲቱ ታላቅ ወንድም፣ ሃያ ሁለት ጎማ የሚያዝዙ፣ አስፋልት የሚፈራቸው ባለ ተሳቢው ሹፌር፣ ሁለት ቀን ዕረፍት አግኝተው እግራቸውን ዱካ ላይ የሰቀሉ። በመካከል የቤቱ አንዲት ልጅ፣ የመድኃኒት አከፋፋይ ሠራተኛዋ። በደጀን ደግሞ ፒንሳ ሊዋስ መጥቶ የመጣበትን የረሳው የመኪና ባትሪ ሞይ ጎረቤት፣ ሱሪው ያልደረሰለት ጸሐፊ፣ እንዲሁም ከማንም ወገን ያልሆነች ድመት። ከእነርሱ ሁሉ ጀርባ፣ ከቴሌቪዥኑ ትይዩ ባለው ግድግዳ፣ ደንበኞች ቀሚሳቸውን ለክተው የሚያዩበት ቁመተ ሰው የሚያህል መስታወት ቆሞ ነበረ።

የጦሩ ምክንያትም ይህ ነው። ልጅቱ እንክብል ስትቆጥር አንዲት አታዛንፍም፤ ነገር ግን መንጃ ፈቃድ ልትፈተን ወጥታ ያንን ብርቱካንማ ኮን ባየች ጊዜ እግሯ የእሷ መሆኑን ይረሳል። ሁለት ጊዜ ተፈትና ሁለት ጊዜ ወደቀች። መሥሪያ ቤቷ በየቅርንጫፉ እየዞረች መድኃኒት የምትቆጣጠርበትን ሹመት ሊሰጣት ደብዳቤ ጽፎ ነበር፤ ደብዳቤው ግን በመጨረሻው መስመር መንጃ ፈቃድ ይዘሽ ቅረቢ ይል ነበርና ያቺ አንዲት መስመር የቀረውን ሁሉ በላችው። ሦስተኛው ቀጠሮ ሰኞ ነበረ። እሷም ልቧን ለማሳረፍ ብላ ከሥራ ባልደረባዋ ያገለገለ የጌም ማሽን ገዛች፤ ወኮነ እንዲህ፣ ከአንድ ሥቃይ ሸሽታ ሌላ ሥቃይ ላይ ዐረፈች።

በጌሙ ውስጥ ጫካ መካከል ዳቦ ቤት የከፈተ አንድ ድብ አለ። ድቡ መልካም ድብ ነው፤ ዱቄት ያቦካል፣ እንግዳ ይቀበላል፣ ማንንም አይነካም። በጌሙ እኩሌታ ላይ ግን ባለ ሦስት ፎቅ ኬክ በትንሽ ጭነት መኪና ጭኖ፣ ሰባት ኩርባ ዞሮ፣ የእንጨት ድልድይ ተሻግሮ በሁለት ደቂቃ እንዲያደርስ ይታዘዛል። ያን ጊዜ ተጫዋቹ ጆይስቲኩን እንደ መኪና መሪ በሁለት እጁ አየር ላይ ይይዛል፤ ወደ ቀኝ ሲያዘነብለው መኪናው ወደ ቀኝ፣ ወደ ግራ ሲያዘነብለው ወደ ግራ ይሄዳል። ኬኩ ከወደቀ ድቡ ከመኪናው ይወርድና መንገድ ዳር ተቀምጦ በመዳፉ ፊቱን ሸፍኖ ያለቅሳል። ጨዋታውም ድልድዩ ሳይታለፍ ወደፊት አይሄድም። በአሥራ አንድ ቀን ውስጥ ያ ምስኪን ድብ አርባ አንድ ጊዜ አልቅሶ ነበር፤ እመቤቲቱም ልብስ እየሰፉ ልቅሶውን ሰምተው ሰምተው፣ ጎረቤት የሞተባቸው ያህል ፊታቸው ጠቁሮ ነበር።

ወበውእቱ ዕለት፣ ድቡ ለአርባ ሁለተኛ ጊዜ ባለቀሰ ጊዜ፣ ልጅቱ ጆይስቲኩን ትራስ ላይ ወርውራ እንዲህ ስትል አዋጅ አስነገረች፦ «በቃ! ሁላችሁም ስሙኝ። በቴሌቪዥን እንኳ ያቃተኝ ሰው ነኝ፤ ሰኞ እዚያ ሄጄ የምዋረድበት ምክንያት የለም። ከዚህ ቤት አንድ ሰው፣ አንድ ብቻ፣ ይሄን ድልድይ ቢያሻግር እኔም እሄዳለሁ። ካልሆነ ግን ደብዳቤውን ሰኞ ጠዋት እመልሳለሁ፤ ማንም እንዳይለምነኝ!»

ይህ አዋጅ በተነገረ ጊዜ ባለ ተሳቢው ከዱካው ላይ እግራቸውን አወረዱ። ሸሚዛቸውን ሰበሰቡ፣ ጉሮሯቸውን ጠራረጉ፣ ጆይስቲኩን እንደ ሕፃን ተቀበሉ፤ ቤቱም ሁሉ ነገሩ አለቀ ብሎ ዐረፈ። እስመ ባለ ተሳቢው አርባ ቶን ሲሚንቶ ጭነው በገደል አፋፍ እያፏጩ የወጡ ሰው ናቸው። ነገር ግን ሠላሳ ዓመት የሰለጠነ እጅ ጌታውን አይሰማም፤ መኪናው ገና ሲነሣ ቀኝ እጃቸው ጆይስቲኩን ለቅቆ ማርሽ ሊያስገባ ወደ ሶፋው ጎን ወረደ፣ ጆይስቲኩም በአንድ እጅ ተንጠልጥሎ ዘመመ፣ ኬኩም ዘመመ። ግራ እግራቸው ፍሪሲዮን ፍለጋ ወለሉን ረገጠ፤ በወለሉ ላይ የነበረችው ድመት ስለዚህ ነገር የራሷን ዜና መዋዕል ትጽፍ ይሆናል። በሁለተኛው ሙከራ ድልድዩ አፍ ላይ በደረሱ ጊዜ ጆይስቲኩን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጠው ተነሡና፣ ሸክሙን ይችል እንደሆነ ሊያዩ ወደ ቴሌቪዥኑ ሄደው ጣውላውን አንድ በአንድ መረመሩ። ሰዓቱም አለቀ፣ ድቡም አለቀሰ። በአምስተኛው ሙከራ ባለ ተሳቢው ከዙፋናቸው ወርደው ይህን አዋጅ አወጁ፦ «ይሄ መኪና አይደለም! ማርሽ የለው፣ ፍሬን የለው፣ ክላክስ የለው! እኔ በዚህ ዕድሜዬ በኬክ አልዋረድም። መኪና የሚያውቅ ሌላ ሰው በዚህ ቤት አለ፤ እሱ ይሞክር!»

ዓይን ሁሉ ወደ አባ ንፋስ ዞረ። እዚህ ላይ ጸሐፊው ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ ከዚያች ቀን በፊት ከሁለት ሰው በቀር ያልታወቀ ነገር ይገልጣል። አባ ንፋስ መኪና ነድተው አያውቁም። ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ ከመኪና ሥር ኖረዋል፣ ከመኪና በላይ ግን አልወጡም፤ በወጣትነታቸው ሦስት ጊዜ ለመንጃ ፈቃድ ተፈትነው ሦስት ጊዜ ወድቀው ነገሩን ቀበሩት። ዓሣን ዋና ታውቃለህ ወይ ብሎ የሚጠይቅ የለምና ጎሚስታንም መንዳት ትችላለህ ወይ ያለው አልነበረም፤ ልጃቸው ብቻ ሰባት ዓመት ሳለች አንድ ቀን ጠየቀቻቸው። ያን ጊዜ በልጃቸው ዓይን ማነስ አልሆነላቸውም፣ «ያልነዳሁት ምን አለ!» ብለው መለሱላት። ከአፍ ከወጣ አፋፍ እንዲሉ፣ ያቺ ቃል አድጋ፣ ልጅቱም አድጋ፣ እነሆ ሁለቱ በአንድ ሶፋ ላይ ተገናኙ። ከአባ ንፋስ ሌላ ምሥጢሩን የሚያውቁት እመቤቲቱ ብቻ ነበሩ፤ በሦስቱም ፈተና ቀን እጮኛ ሆነው ከአጥሩ ውጭ የአባ ንፋስን ኮት ይዘው የጠበቁ እርሳቸው ናቸውና።

ስለዚህ እመቤቲቱ የስፌት መኪናቸውን አቁመው፣ ባላቸውን ለማዳን ፈጥነው አዋጅ አወጡ፦ «እሱን ተዉት! ወገቡን ያመዋል። ደግሞ ቅዳሜ ነው፣ ይረፍበት!» ነገር ግን ወገብ ለመኪና እንጂ ለጆይስቲክ ምክንያት አልሆነም። የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል፤ አባ ንፋስ በልጃቸው ፊት ላይ ያለውን ተስፋ አዩ፣ ያቺን ደብዳቤ ስትመልስ ታየቻቸው፣ ይህም ከውርደት ሁሉ ይልቅ አስፈራቸው። ተነሡ። እጃቸውን በሱሪያቸው ጠረጉ። ባትሪ ሞዩ ጎረቤትም ስለ ክብራቸው ወንበሩን አንድ ስንዝር ወደኋላ ሳበ።

ወእምዝ ጦርነቱ ተጀመረ፣ ከጅምሩም ጉድ ፈላ። መንገዱ ወደ ግራ ሲታጠፍ አባ ንፋስ በሙሉ ልብ ወደ ቀኝ ሄዱ፤ ወደ ቀኝ ሲታጠፍ ወደ ግራ። ጆይስቲኩን ግን አያያዛቸው ግሩም ነበረ፤ እንደ ባለ ተሳቢው እጅ አይለቁም፣ እንደ ልጅቱም አይንቀጠቀጡም፣ አየር ላይ ያለ መሪ ሲያዞሩ ዕድሜ ልካቸውን የሠሩት ሥራ ይመስል ነበር። በእውነትም የሠሩት ሥራ ነው። መኪና ወደ ጎሚስታ በገባ ቁጥር ከፊቱ ቆሞ፣ ሹፌሩን ፊት ለፊት እያየ፣ «ና! ና! ግራ ስበር! መልስ! በቃ!» እያለ አየር ላይ መሪ የሚያዞርለት ማን ሆነና! ፊት ለፊት ለቆመ ሰው ግን የሹፌሩ ግራ የእርሱ ቀኝ ነው። በሠላሳ አንድ ዓመት ውስጥ የአባ ንፋስ አፍ ግራ ባለ ቁጥር እጃቸው ቀኝ ሄዷል፤ አፍና እጃቸው ተማምለው የኖሩ ናቸውና በአንድ ከሰዓት በኋላ አይፋቱም። አሁንም ኩርባው በመጣ ጊዜ ሁሉ በከንፈራቸው «ግራ ስበር» ይላሉ፣ እጃቸውም ታዝዞ ወደ ቀኝ ይሰብራል፣ ድቡም ከነኬኩ ወንዝ ይገባል።

ባለ ተሳቢው ይህን አይተው ዝም ማለት አልቻሉም። ከሶፋው ሆነው «ግራ ስበር! ኧረ ግራ! ግራህን አታውቅም እንዴ ሰውዬ!» እያሉ አዋጅ በአዋጅ ላይ ደረቡ፤ እርሳቸው ግራ ባሉ ቁጥር አባ ንፋስ አብልጠው ወደ ቀኝ ሸሹ። ሰባት ጊዜ ወደቁ። ድቡ ሰባት ጊዜ አለቀሰ፤ በሰባተኛው ላይ እመቤቲቱም አብረው ሊያለቅሱ ምንም አልቀራቸው። ልጅቱ ስልኳን አንሥታ ሹመቱን ትቼዋለሁ ብላ ሰኞ ጠዋት የምትልከውን መልእክት መጻፍ ጀመረች፣ አባቷም አዩ።

ስምንተኛው ሙከራ በጀመረ ጊዜ አባ ንፋስ ልጃቸውን ማየት ተስኗቸው፣ ቴሌቪዥኑንም ማየት አስጠልቷቸው፣ ጆይስቲኩን እንደያዙ ለሁሉም ጀርባቸውን ሰጡ። ለካ ጉድና ጅራት ከወደኋላ ነው! በዚያ ባለው ትልቅ መስታወት ውስጥ ቴሌቪዥኑ ታየ፤ መንገዱም፣ ድቡም፣ ኬኩም ተገልብጠው፣ ቀኙ ግራ፣ ግራው ቀኝ ሆኖ። በመስታወቱ ውስጥ ኩርባው ወደ ግራ መጣ። አባ ንፋስ ከልማድ ብዛት «ግራ ስበር» አሉ፣ እጃቸው ወደ ቀኝ ሰበረ፣ እውነተኛው ኩርባም ወደ ቀኝ ነበረና መኪናው እንደ ቅቤ ታጥፎ ሄደ። የተጣመመ እጅ የተጣመመ መንገድ አገኘ። ከዚያ በኋላ አባ ንፋስ ቢጠሯቸውም የሚዞሩ አልሆኑም።

በዚያን ጊዜ ድምፃቸው ተከፈተ። ሠላሳ አንድ ዓመት በግቢያቸው የጮኹትን ጩኸት በሳሎን አስተጋቡት፤ «ና! ና! ና! ቀኝ ስበር! መልስ መልስ! ቀስ! ግራ ስበር! ና!» እያሉ፣ ጀርባቸውን ለቴሌቪዥኑ ሰጥተው፣ የመጀመሪያውን ኩርባ፣ ሁለተኛውን፣ ላም የቆመችበትን ሦስተኛውን፣ ጭቃ ያለበትን አራተኛውን፣ ጃርት ቤተሰብ የሚያሻግርበትን አምስተኛውን፣ ስድስተኛውን፣ ሰባተኛውንም አለፉ። ባትሪ ሞዩ ተነሥቶ ቆመ። ባለ ተሳቢው ሳያውቁት አብረው ወደ ቀኝና ወደ ግራ ይዘምሙ ነበር። ድልድዩ ላይ ጣውላ እየተሰበረ ሲወድቅ፣ የኬኩ ሦስተኛ ፎቅ ሲንቀጠቀጥ፣ ሰዓቱም ዘጠኝ ሰኮንድ ሲቀረው፣ አባ ንፋስ ጆይስቲኩን ሳያናውጹ፣ የከባድ መኪና ጎማ ከጉድጓድ እንደሚያስወጣ ሰው በለሆሳስ «ና የኔ ጌታ፣ ና፣ ና፣ በቃ» አሉ። መኪናው ቆመ። ድቡ ወረደ፤ እነሆ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳያለቅስ ወረደ፣ እጁንም ወደ ሰማይ አንሥቶ ዘለለ።

በሳሎኑ የሆነውን እልልታ ለመጻፍ ብራና አይበቃም። እመቤቲቱ መርፌውን ከከንፈራቸው አውጥተው እልል አሉ፣ ባትሪ ሞዩ አባ ንፋስን በቁማቸው ወደ ላይ አነሣቸው፣ ድመቲቱ ለጥንቃቄ ከቁም ሳጥን ላይ ወጣች። ባለ ተሳቢውም የተሸነፈ ጀግና የሚገባውን አደረጉ፤ ቀርበው እጅ ነሥተው «ሹፌርማ አንተ ነህ!» ሲሉ በሕዝብ ፊት መሰከሩ። ክብር በአባ ንፋስ ራስ ላይ እንደ ዘውድ ተቀመጠ፤ ዘውዱም፣ እውነቱን ለመናገር፣ ተስማምቷቸው ነበር።

ልጅቱ ግን አባቷን አቅፋ ሳመችና፣ በዝግታ እንዲህ ስትል አወጀች፦ «ቃሌ ቃል ነው፣ ሰኞ እሄዳለሁ። ግን ለመውደቅ ነው የምሄደው፣ እወቁት። አባዬማ ያልነዳው ምን አለ! ጀርባውን ሰጥቶ እንኳ ይነዳል። እኔ እሱን አልወጣሁም፤ እኔ ለዚህ ነገር አልተፈጠርኩም።»

ይህን በሰሙ ጊዜ አባ ንፋስ እንዲህ ያለ ድል ከሽንፈት ምን እንደሚለይ አጡ። ልጃቸውን ሊያነሣ የመጣ ድል ከሥሯ ያለውን ወንበር ሳበባት። እመቤቲቱን ተመለከቱ፤ እመቤቲቱም አንገታቸውን ነቀነቁ፣ አትናገር ይሁን ተናገር ማለታቸው አልታወቀም። ጎረቤቱ ቆሟል። ባለ ተሳቢው ቆመዋል። ዘውዱ ገና አልሞቀም። ያን ጊዜ አባ ንፋስ በሠራዊታቸው ሁሉ ፊት፣ በዘመናቸው ካወጡት አዋጅ ሁሉ የሚከብደውን አዋጅ አወጡ፦

«ስሚኝ ልጄ። እናንተም ስሙ። እኔ መንጃ ፈቃድ የለኝም። ኖሮኝም አያውቅም። ሦስት ጊዜ ተፈትኜ ሦስት ጊዜ ወድቄያለሁ። መጀመሪያ ኮኑን ይዤው ሄድኩ፣ ከመኪናው ሥር እስኪያወጡት ግማሽ ቀን ፈጀ። ሁለተኛ፣ ወደፊት ሂድ ሲሉኝ ወደኋላ ሄጄ የፈታኙን ሻይ ደረቱ ላይ ደፋሁበት። ሦስተኛ ሞተሩ አሥራ አንዴ ጠፋብኝ። ከዚያ አፈርኩና ቀረሁ። ዋሽቼሻለሁ፤ ትንሽ ነበርሽ፣ ትልቅ እንድመስልሽ ፈለግኩ። መውደቁን ረስቼዋለሁ፣ ሰው ይወድቃል። እስከዛሬ ሌሊት የሚቀሰቅሰኝ አራተኛ አለመሄዴ ነው።»

ባለ ተሳቢውም ፊታቸው እንደ ቲማቲም ቀልቶ ይህን አወጁ፦ «ታዲያ ሃያ ዓመት ሙሉ "ማርሽ ቀንስ፣ ቁልቁለት ላይ አትፍጠን" እያልክ የመከርከኝ በማን ሥልጣን ነው? እኔስ ምኔ ሞኝ ነው፣ ስሰማህ የኖርኩት!» ይህን ብለው ሳቅ ሲያሸንፋቸው ሶፋው ላይ ወደቁ፣ ሁለተኛው ሶፋም ሊሻር ምንም አልቀረውም። ልጅቱ ግን አባቷን አዲስ ሰው እንዳየች ሁሉ አተኩራ አየቻቸው። ተቆጣች ብሎ ሁሉም ፈራ። እርሷ ግን በጣቷ ቆጠረች፣ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፤ ከዚያም የቤቱ ሰው ሁሉ እየሰማ፣ እንባዋ በሳቋ ላይ እየወረደ፣ «ሦስት? እኔ እኮ ገና ሁለት ነኝ!» አለች።

ሰኞ ሄደች። ሰኞም ወደቀች፤ ዳገት ላይ መኪናው ወደኋላ ተንሸራተተባት። ከፈተናው ሜዳ ደውላ «አባዬ፣ ደረስኩብህ» አለች፣ አባ ንፋስም ጎማ እየነፉ ስልኩን በትከሻቸው ይዘው ሳቁ፣ ጎማውም ከልክ በላይ ተነፋ። ከአንድ ወር በኋላ፣ መሥሪያ ቤቷ ደብዳቤውን ገና ሳይሽረው፣ አራተኛ ሄደች። አባቷም ሱቃቸውን ዘግተው ከአጥሩ ውጭ ጃኬቷን ይዘው ቆሙ። በአራተኛው አለፈች። በመውደቅ እኩል ሆና፣ በመሄድ በለጠቻቸው፤ እርሳቸውም በዘመናቸው እንዲህ ደስ ብሏቸው ተበልጠው አያውቁም።

እንግዲህ ኦ አንባቢ፣ ሌሎች ጀግኖች ድል ነሥተው ዙፋን ይወጣሉ፤ ይህ ጀግና ግን ድል ነሥቶ በገዛ ፈቃዱ ወረደ። ድልድይ ያሻገሩ ብዙ ናቸው፣ ኬክ ያደረሱም አይታጡም፤ በአንድ ከሰዓት በኋላ ዘውድ ጭነው፣ ሻይ ሳይቀርብ መልሰው ያወለቁት ግን አባ ንፋስ ብቻ ናቸው። ስለዚህ ስማቸው በጎሚስታ ሁሉ ዘንድ ከፍ ይበል፣ ክሪካቸው አይሰበር፣ ላስቲካቸው አይለቅ፤ ክብር ለመዋዒው፣ ክብር ለመላኤ ነፋስ፣ ሠላሳ አንድ ዓመት የሰውን ሁሉ ጎማ ለነፉ፣ ለልጃቸው ሲሉ ግን ራሳቸውን ላስተነፈሱ!